የተመለሱት ጋቢዎች

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ሰዎች እነዚህ ነን።

እኔ ወልደ ጊዮርጊስ እባላለሁ፤ ሰፈሩ ጋሽ ወልዴ ይለኛል። ሱሉልታ ውስጥ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት የመቃብር ድንጋይ ላይ ስም ስቀርጽ ነው፤ መጀመሪያ ቅርጹን እንደ ሐረግ እየገለበጥሁ፣ ኋላ ግን የምቀርጸው የማን ስም እንደሆነ ማወቅ ስላማረኝ እየጠየቅሁ። ባለቤቴ አስካለ ናት። ልጃችን ግርማ ነው፤ በዚያ ክረምት ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበረ። ከአጥራችን ማዶ ኦቦ ደገፋ የሚባል ገበሬ አለ፤ ሚስቱን ሰፈሩ አዴ ጫልቱ ይላታል። አዴ ጫልቱ ብዙ ዓመት ልጅ አጥታ ቆይታ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። የነፍስ አባታችን መምሬ ኪዳኔ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከወንዙ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር፣ ከአሮጊት እህታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። መንገድ ዳር ሱቅ ያለው ከድር ነው፤ ከወሎ መጥቶ ጨው፣ ጋዝና አቡጀዲ የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ። የመጨረሻው ድሬሰር ታምራት ነው፤ ያችን ሁለት ክፍል ክሊኒካችንን ብቻውን ይዞ የነበረ ወጣት።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ክፉ አላደረገም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ጥፋተኛ ሲፈልግ እንዳይደክም ነው። የሆነው ሁሉ የሆነው ሰዎች ደግ ስለነበሩ ነው።

በሽታው የጀመረው በቅልጥም ነው። ግርማ ያን ዓመት አዲስ አበባ ቤት ለሚያሠራ ሰው የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ሲመሽ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው፣ አንዱን ብርድ ልብስ ለሦስት ለአራት ለብሰው ያድሩ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ሥራውን አስቆመና ወደ ቤት መጣ። ጥርብ ድንጋይ እንዲያቀብለኝ ጠራሁት። ጥቂት አቀበለኝና ቁጭ አለ።

«ቅልጥሜን አመመኝ» አለ።

«ከተማ የከረመ ቅልጥም ድንጋይ ሲያይ ያመዋል» አልሁት።

እናቱ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ጸሐይ ብልጭ ብላ ሳለ ጋቢ ለምኖ ተጠቀለለና ጥግ ይዞ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስካለ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ አጠጣችው፤ ፊቱንም አሸችው። ምች አልነበረም። ራሱን ያዘ። ወገቡን ያዘ። እጄን ግንባሩ ላይ ሳኖር ጸሐይ የዋለበት ጥቁር ድንጋይ የነካሁ መሰለኝ። በማግስቱ አፍንጫው ደማ። ቀጥሎ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ እናቱን አላወቃትም።

ልጁ ሲታመም አባት የሚሠራው ሥራ የለም። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። እኔ ሁለት ሰው የማያነሳውን ድንጋይ ብቻዬን የማገላብጥ ሰው ነበርሁ። ያን ጊዜ ግን እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መደቡ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ውሃ ሲለኝ ውሃ አቀበልሁ። ሌላ ምንም አላወቅሁም።

ተስቦ የገባበት ቤት ሰው ዝር አይልም ሲባል ሰምቼ ነበር። እኛ ቤት ግን መጡ። መጀመሪያ የመጣችው አዴ ጫልቱ ናት። ሆዷ ገፍቷል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነው፤ ትከሻዋ ላይ ቡልኮ ተሸክማለች። እናቷ ሲድሯት የሰጧት፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ ወፍራም ቡልኮ።

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደራችሁ ጋሼ? ልጁ ጥርሱ ይገጫጫል፣ እናንተ በአንድ ጋቢ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ!» ብላ ቡልኮዋን ደረበችበት። ከዚያም እግሩ ሥር ተቀምጣ ቅልጥሙን ታሸው ጀመር።

አስካለ ደነገጠች። «አንቺ ነፍሰ ጡር ሴት! ውጪልኝ፣ በሽታው ይይዝሻል!»

«ሆዴ ውስጥ ያለውም ከአሁኑ ጎረቤት መጠየቅ ይልመድ» አለች ጫልቱ።

በየቀኑ ትመጣ ነበር። ጨርቅ እያራሰች ግንባሩ ላይ ታደርጋለች፤ አስካለ እንድታሸልብ ታስገድዳታለች። መምሬ ኪዳኔም በዝናብ ወንዙን ተሻግረው መጡ። ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ለግርማ ደረቡለት።

«አባቴ፣ እርስዎስ?» አልኋቸው።

«ካፖርት አለኝ» አሉ። ካፖርታቸው ክርኑ የተቀደደ፣ አንድ ወታደር የሰጣቸው አሮጌ ነገር ነበር። ከድር ደግሞ ከራሱ አልጋ ብርድ ልብስ ገፎ ከስኳር ጋር ላከ።

እኔ በሰንበቴ ስለ ፍቅረ ቢጽ ብዙ የምናገር ሰው ነኝ። ባልንጀራህን ውደድ የሚለውን ለሰው ማስተማር እወድ ነበር። የተናገርሁት ነገር ሲከመር ምን እንደሚመስል ግን ያየሁት በዚያ መደብ ላይ ነው፤ ቡልኮ፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ከሥራቸውም የልጄ አፍንጫ ጫፍ።

ሳምንት አካባቢ ሲሆን ትኩሳቱ በአንድ ቀን ወረደ። ልጁ በላብ ተጠመቀ፤ ልብሱ ሁሉ ራሰ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ አጥሚት ጠየቀ። አስካለ እልል አለች። ጫልቱም አጥር ተሻግራ እየሮጠች መጥታ ምን ሆነ ሳትል አብራ እልል አለች።

አሁን የምጽፈውን አንባቢ ልብ ብሎ ያንብበው። ልጁ ሲድን መጀመሪያ ያሰብሁት የተዋስነውን መመለስ ነው። ክረምቱ ጠንክሯል፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ሰው ቤቱ በብርድ ተቀምጦ ልብሱን እኔ ዘንድ ማቆየት ነውር መሰለኝ። አስካለ አጥባ ልትመልስ አሰበች። የጫልቱን ቡልኮ ወደ ውሃ ስትወስድ ጫልቱ ራሷ ከእጇ ነጠቀቻት።

«በነሐሴ ታጥቦ መቼ ሊደርቅ ነው? ለመስቀል ልለብሰው? አምጪው ወዲህ!»

«የበሽተኛ ላብ ያለበት ነው፣ ነውር ነው!» አለች አስካለ።

«ግርማ ለኔ ሰው አይደለም እንዴ? ላቡ ይሸተኛል?» ብላ እንደዚያው ጠቅልላ ተሸክማው ሄደች። አስካለም እንዳትቀየማት ብላ ተወቻት። የመምሬን ጋቢ እኔ ራሴ አጥፌ ወሰድሁላቸው። መርቀው ተቀበሉኝና እዚያው ፊቴ ለበሱት። ከድር ብቻ «ልጁ እስኪጠና ይቆይ» ብሎ ብርድ ልብሱን አልቀበል አለ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። ዕዳዬን የከፈልሁ መስሎኝ ነበር።

ግርማ እየበላ፣ እየተነሣ፣ በረንዳ እየወጣ ሰነበተ። ከብት አስገባ። አንድ ጠዋት ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ እኔ ዞረ።

«አባዬ» አለ። «ቅልጥሜ።»

በዚህ ጊዜ አልቀለድሁም።

ኦቦ ደገፋ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ቃሬዛ ሠራ። ጎረቤት ተሰብስቦ ልጁን አነሣው። ጫልቱ ልትሸኘን እስከ አጥሩ ወጥታ፣ ወገቧን በእጇ ይዛ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ባሏ ቃሬዛውን እንደተሸከመ።

«ሂድ፣ ሂድ። የእርግዝና ነው።»

ወንዙን ተሻግረን፣ በመምሬ ቤት አጠገብ አልፈን፣ መንገድ ዳር ካለችው ክሊኒክ ደረስን። ድሬሰር ታምራት የልጁን ብብት ውስጥ ቴርሞሜትር አደረገ። ጎኑን ጫን ጫን አድርጎ ጣፊያው አብጧል አለ። ጣቱን በመርፌ ወግቶ ደሙን መስታወት ላይ ለቀለቀና ማይክሮስኮፕ ላይ አጎነበሰ። ከቆየ በኋላ ጠራኝ።

«አቶ ወልዴ፣ ይመልከቱ።»

አየሁ። በደሙ ውስጥ እንደ ቀጭን ክር የተጠማዘዙ ነገሮች ይንቀሳቀሱ ነበር።

«ቦረሊያ ይባላል» አለኝ። «በሽታው ግርሻ ትኩሳት ነው። ይይዛል፣ ይለቃል፣ ዳነ ሲሉት ይመለሳል።»

«ከምን ያዘው?»

«ከቅማል።»

ደሜ ፈላ። «እኔ ቤት ቅማል የለም!» አልሁት።

«ቅማል ስድብ አይደለም፣ አቶ ወልዴ። ክረምት ነው። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ሰው ልብሱን አያወልቅም፣ ተቃቅፎ ይተኛል። በየቤቱ አለ። ይልቅ ይንገሩኝ፤ ልጁ መጀመሪያ ሲታመም የማንን ልብስ ለበሰ?»

«የአዴ ጫልቱን ቡልኮ። የመምሬ ኪዳኔን ጋቢ። የከድርን ብርድ ልብስ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«የከድር ቤቴ አለ። የሁለቱን መለስሁ።»

«ታጥበው?»

«ሳይታጠቡ» አልሁ።

ድሬሰሩ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መስታወቱን ከማይክሮስኮፑ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ከኋላዬ፣ በሩ ላይ፣ ኦቦ ደገፋ ቆሞ ነበር። ሁሉን ሰምቷል።

«ዛሬ ጠዋት ወገቤን አለች» አለ። ለማንም አልነበረም የተናገረው። ከዚያ ሮጠ።

ግርማ ፔኒሲሊን ተወጋ። ድሬሰሩ አስቀድሞ ነገረን፤ መድኃኒቱ ተውሳኩን ሲገድል በሽተኛው ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይብሳል፣ ልቡ ይደክማል፤ ያ ሰዓት እስኪያልፍ አጠገቡ ሆኖ መጠበቅ ግድ ነው። እንዳለውም ሆነ። እኔን ወደ በረንዳው አወጣኝ። የልጄ ጥርስ ሲገጫጭ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ እንደሚሰማው ነው። ሲያቆም የሞተ መሰለኝ። አልሞተም። ተኝቶ ነበር።

እናቱን አጠገቡ ትተን እኔና ድሬሰሩ ወጣን። በከድር ሱቅ ስናልፍ ታምራት ለከድር ነገሩን በአጭሩ አስረዳው፤ የበሽተኛውና የቤተሰቡ ልብስ ሁሉ ይቀቀላል፣ ሳይቀቀል ሰውነት ላይ አይደረግም አለ።

«የሁሉንም ልብስ ከቀቀላችሁት ሰው በዚህ ብርድ ምን ይለብሳል?» አለ ከድር።

አልፈን ሄድን።

መምሬ ኪዳኔ መደባቸው ላይ ተኝተው አገኘናቸው። ካፖርቱን ለብሰዋል፤ ጋቢያቸውን ደርበውበታል። ዓይናቸው ቢጫ ነው። ድሬሰሩ መርፌውን ሲያዘጋጅ፣ ከወጋቸው በኋላ አብሯቸው መቆየት እንዳለበት ነገራቸው።

«ሌላ ማን ታሟል?» አሉ።

«አዴ ጫልቱ ሳትታመም አልቀረችም» አልሁ።

«እንግዲያው እሷ ዘንድ ሂድ፣ ልጄ። እዚያ ሁለት ነፍስ ናት። እዚህ አንድ ያረጀ ነው።»

«አባ፣ እርስዎን ልውጋና—»

«ወግተኸኝ ወዲያው መሄድ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ሂዳ! እኔ እቆያለሁ።» ጋቢውን ከላያቸው ገፈው ሰጡኝ። «ይህንንም ውሰድና ቀቅለው። ካፖርት አለኝ።»

ድሬሰሩ ወደ እኔ አየ። እኔ ልጄ የዳነልኝ ሰው ነበርሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ቃል የመናገር መብት የለኝም ብዬ አሰብሁ። እህታቸው እሳት እንዲያነዱላቸው አዝዘን ወጣን። ዝናቡ ጀምሮ ነበር።

ወንዙን ተሻግረን ስንደርስ ጫልቱ እንደ ግርማ ነበረች። ትኩሳቱ ያው፣ ዓይኑ ያው። ሴቶች ተሰበሰቡ። መንገድ ሠራተኞች ትተውት የሄዱት በርሜል ተጎልቶ እሳት ነደደበት፤ ቡልኮው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ፣ መቀነቱ፣ ሁሉም ገባ።

«ጋቢ እንደ ጎመን ሲቀቀል አየን!» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ጨው ጨምሪበት» አለች ሌላዋ። እንዲያ እየተባባሉ እንጨት ያቀብሉ ነበር። ሰው ሲፈራም ይቀልዳል።

ታምራት ወጋት። ጠበቅን። ከዚያ መጣ።

እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ የማያውቅ ሰው አያምነኝም። መደቡ አብሯት ተንቀጠቀጠ። ከንፈሯ ጠቆረ። በጥርሷ መሐል ቃል እየተሰበረ ይወጣ ነበር።

«ቡልኮዬን» አለች። «ጋሼ። ቡልኮዬን።»

ቡልኮው ደጅ በርሜል ውስጥ ነበር። ይፈላል።

«አልብሱኝ።»

የሚለበስ አልነበረም። የእኔ ጋቢ የልጄን ላብ የጠጣ ነው። የደገፋም ያው ነው። ቤቱ ውስጥ ያልተጠረጠረ ጨርቅ አልነበረም። እሷ ለልጄ ያለበሰችውን እኔ ለእሷ መመለስ አልቻልሁም። እግሯን በእጄ ያዝሁ። እጄ ድንጋይ የያዘ እጅ ነው፤ ሻካራ ነው፤ አይሞቅም።

ደገፋ ብድግ አለ። «ገደላት! መርፌው ገደላት! ቡልኮዋን አወጣለሁ!» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ቆሜ ያዝሁት። ያ ሰው ዕድሜዬን አክብሮ ሁልጊዜ አንቱ ይለኝ ነበር።

«ልቀቀኝ!» አለኝ። «ለአንተ ልጅ አልብሳለች! ለአንተ ልጅ!»

አልለቀቅሁትም። እውነቱን ነው።

በዚያን ጊዜ ከድር በሩን ገፍቶ ገባ። እስከ ታፋው በወንዝ ውሃ ርሷል። ራሱ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሟል። ጆንያውን ፈታው። አንድ ሙሉ ጣቃ አቡጀዲ ነበር፤ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ሰው ያልነካው። ጫፉን በጥርሱ ይዞ ሸረከተው። አንዱን ጫፍ ለደገፋ ወረወረለት።

«ያዝ እንጂ! ምን ቆመህ ታየኛለህ?»

ደገፋ ያዘ። እየቀደዱ ደራርበው፣ ደራርበው አለበሷት። ነጭ ክምር ሆነች። ድሬሰሩ የልቧን ምት በጣቱ እየቆጠረ ከእሷ ዓይኑን ሳይነቅል «በርቱ» አለ።

ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ሰከነ። ላብ መጣ። ጫልቱ ተረፈች።

በሆዷ ያለው ልጅ ግን አልተረፈም። ከመምሸቱ በፊት ወረደ። ወንድ ነበር። ደገፋ ጥያቄውን በዓይኑ ሲጠይቅ ታምራት እንዲህ አለው፤ «ትኩሳቱ ነው ያወረደው። ሳልወጋትም ይህ ይሆን ነበር፤ ያኔ ግን እሷም አብራው ትሄድ ነበር።» ደገፋ ራሱን ነቀነቀ። ያመነው አይመስለኝም። እኔ ግን ዛሬም አምነዋለሁ፤ ሌላ የማምነው ስለሌለኝ ይሁን አላውቅም።

ወደ መምሬ ለመመለስ ወጣን። ወንዙ ሞልቷል። ከድር የተሻገረበት ድንጋይ አይታይም። ውሃው ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ያወርድ ነበር። ድሬሰሩ የመድኃኒት ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ሊገባ ሲል ከድርና እኔ ጎትተን አወጣነው። ማዶ የመምሬ ቤት ጣሪያ ይታያል። ከጣሪያው ጢስ ይወጣ ነበር። ጢሱን እያየን ቆምን። ሌላ የምናደርገው አልነበረም። ሰው በጣም ሲረዳዳም አንድ ወንዝ ሊያቆመው ይችላል።

ጠዋት ውሃው ጎድሎ ስንሻገር ጢሱ አልነበረም። መምሬ ኪዳኔ ካፖርታቸውን እንደለበሱ አርፈው ነበር። እህታቸው እግራቸው ሥር ተቀምጠው፣ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሴትየዋ ዳነች ወይ? አለኝ። ምን ልበለው? ድናለች አልሁት» አሉን። ታምራት ደፉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ከጣቃው የተረፈው አቡጀዲ መግነዛቸው ሆነ። ከድር ራሱ ለክቶ ቆረጠው።

ከዚያ በኋላ ያለው የማገገም ታሪክ ነው፤ ማገገም ደግሞ ረጅምና አሰልቺ ነው፣ ስለዚህ የታመመ ሰው ያለበት ሁሉ ትዕግሥት እንዲያደርግ እመክራለሁ። ግርማ ክሊኒክ ጥቂት ሰንብቶ መጣ፤ እስከ ጥቅምት ድረስ ጥቂት ከተራመደ ጉልበቱ ይከዳው ነበር፣ ጸጉሩም ሳስቶ እንደገና በቀለ። ታምራት ዲዲቲ ዱቄት አስመጥቶ በየቤቱ እየዞረ በልብስ ስፌትና በመደብ ስንጥቅ ነሰነሰ፤ በርሜሉም ከቤት ወደ ቤት እየተንከባለለ መላው ሰፈር ልብሱን ቀቀለ፣ ቀድሞ የሳቁት ሴቶች ደግሞ አሁን ያልቀቀለችውን ጎረቤት የሚሰድቡ ሆኑ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ታመሙ፤ ቶሎ ተወግተው ዳኑ። ጫልቱ ለብዙ ጊዜ ከቤት አልወጣችም። አስካለ በየቀኑ እየሄደች ጸጉሯን ታበጥርላትና ምግብ ታቀርብላት ነበር። እኔ አጥሩ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። ደገፋ ከሩቅ ሲያየኝ ወደ በሬዎቹ ይዞራል። አልወቅሰውም፤ እኔም ብሆን እዞር ነበር።

መስከረም አልፎ፣ ሌላ ዓመት መጥቶ፣ ክረምቱ ሲመለስ እኔን ሳል ያዘኝና መደብ ላይ ዋልሁ። በር ተንኳኳ። ጫልቱ ናት። ትከሻዋ ላይ ያ ቡልኮ አለ፤ በመቀቀሉ ተኮማትሮ፣ ጥለቱ ደብዝዞ። ከኋላዋ ደገፋ ቆሟል።

«አልወስድም» አልኋት። «እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ መልሺው። ከዚህ ቤት ከዚህ በኋላ ልብስ አይዋስም።»

«ተቀቅሏል ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ! ድንች ቢሆን ይበላ ነበር» ብላ ደረበችብኝ። ገና እርጥበት ነበረበት። «ሲመልሱት ደግሞ ቀቅለው ነው የሚመልሱት። ያለዚያ አልቀበልም።»

ደገፋ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይልበሱት፣ ጋሽ ወልዴ» አለ። «ለእርስዎም ይከብድዎታል፣ ለእኛም ይከብደናል። ይልበሱት።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ለማንም አይጠቅምም።

ዛሬ ቤታችሁ ትኩሳት ያለባችሁ፣ ይህን የጻፍሁት ለእናንተ ነው። የታመመውን ጠይቁ፤ አትሽሹ። ፍርሃት ከበሽታ የባሰ ሰው ይገድላል። ግን ከበሽተኛው ላይ የተነሣ ጨርቅ ሁሉ ይቀቀል፤ ባለቤቱ ቢቆጣም፣ ክረምት ቢሆንም፣ ነውር ቢመስልም ይቀቀል። ቅማል ስታገኙ በጥፍራችሁ አትጨፍልቁ፤ በሽታው የሚገባው በዚያ ነው፤ እሳት ውስጥ ጣሉት። ትኩሳቱ ለቅቆት ስታዩት ዳነ አትበሉ፤ ይመለሳልና ወደ ሐኪም ውሰዱት። መርፌ ተወግቶ ሲንቀጠቀጥ ሐኪሙን አትምቱ፤ ያልፋል። ንጹሕ ልብስ ብቻ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ሰውን መውደድ የታዘዝነው በልብ ብቻ አይደለም፤ በእጅ ነው፣ እጅ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለበት። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁም። አዴ ጫልቱን፣ መምሬ ኪዳኔን፣ ድሬሰር ታምራትን አመሰግናለሁ። ከድርንም አመሰግናለሁ፤ እኔ በሰንበቴ የማስተምረውን እሱ ወንዝ ተሻግሮ ሠራው፤ ይህን በሰንበቴ ቆሜ ተናግሬአለሁ፣ ያልወደዱልኝም ነበሩ።

በመጨረሻ ያ ክረምት ከማን ምን እንደወሰደ ልናገር። ከደገፋና ከጫልቱ አንድ ወንድ ልጅ ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልወለዱም። ከሰበካው መምሬን ወሰደ፤ ከእህታቸው ወንድማቸውን። ከከድር ያን ጣቃ ወሰደ፤ ዋጋውን ስጠይቀው «የሞተ ሰው ልብስ አልሸጥሁም» ብሎ ከሱቁ አስወጣኝ። ከታምራት ሳቁን ወሰደ፤ ወደ ሌላ አገር እስኪዛወር ድረስ ዝናብ ሲጀምር ወንዙን ሊያይ ይወጣ ነበር። የመምሬን የመቃብር ድንጋይ እኔ ጠረብሁ፤ ስማቸውንም ማንንም ሳልጠይቅ ቀረጽሁ። ከእኔ ግን ምን ወሰደ? ግርማ አግብቷል፣ ሁለት ልጆች አሉት፤ ቅልጥሙም ደኅና ነው። ሌሎቹ ሁሉ ከፍለው የገዙልኝ እሱን ነው። ከእኔ ቤት ምንም አልጎደለም።